በጎጃም የማሳ ሙከራዎች ኖርማል ላልሆነ መረጃ ሞዴል አመራረጥ

በአዴት ግብርና ምርምር ማዕከል፣ በደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲና በየአርሶ አደሩ ማሳ በሚካሄዱ ሙከራዎች የጤፍና የስንዴ ምርት ክብደት አብዛኛውን ጊዜ በተለመደው አኖቫ (የቡድን አማካዮችን የሚያወዳድርና ስህተቱ ኖርማል፣ ማለትም በደወል ቅርጽ የተሰራጨ፣ እንዲሆን የሚጠብቅ ትንተና) ይተነተናል። የአረም ቆጠራ፣ የዘር ብቅለት፣ የቢጫ ዋግ ጥቃትና የድንች በሽታ ደረጃ ግን ሌላ ሞዴል ይፈልጋሉ።

መነሻው ቁጥሩ የተገኘበት መንገድ ነው፤ ተቆጠረ፣ ተመዘነ ወይስ በዓይን ተገመተ? የሻፒሮ-ዊልክ ፈተና (የኖርማልነት መመርመሪያ) ከዚያ በኋላ ይመጣል፤ እሱም ብዙ ጊዜ ያለቦታው ይሠራበታል። ኖርማል መሆን የሚጠበቅባቸው የትሪትመንት (የሚወዳደረው አያያዝ) እና የብሎክ (ተመሳሳይ ሁኔታ ያለው የማሳ ክፍል) ውጤት ከተቀነሰ በኋላ የሚቀሩት ልዩነቶች ናቸው። ኖራ የተጨመረበትና ያልተጨመረበት አሲዳማ ማሳ ምርት በአንድ ላይ ቢሳል ሁለት ጉብታ ያሳያል፤ ይህ ብቻውን አኖቫን አያስጥልም።

ስናርና ሙጃን ለመሳሰሉ አረሞች ቆጠራ የመጀመሪያው ሙከራ ፖይሰን የተባለው የቆጠራ ሥርጭት ነው። ፖይሰን ልይይቱ (ቫሪያንሱ) ከአማካዩ ጋር እኩል እንዲሆን ይጠይቃል፤ አረም ግን በቦታ በቦታ ተሰባስቦ ስለሚበቅል ልይይቱ ያይላል። 6 ትሪትመንት በ4 ብሎክ ሲዘራ 24 ፕሎት (የሙከራ መደብ) እና 15 የቀሪ ነፃነት ዲግሪ (ስህተቱን ለመገመት የሚቀር ነፃ መረጃ ብዛት) ይኖራል። ቀሪው ዴቪያንስ (ሞዴሉ ያልገለጸው ልዩነት) 48 ከሆነ ለነፃነት ዲግሪው ሲካፈል 3.2 ነው፣ ፖይሰን የሚጠብቀው ግን 1 ገደማ ነው፤ ስለዚህ ስታንዳርድ ኤረሩ (የግምቱ እርግጠኛ አለመሆን መለኪያ) በ3.2 ስኩዌር ሩት፣ ማለትም በ1.8 እጥፍ ገደማ አንሶ ቀርቧል ማለት ነው፤ የሌለ ልዩነት ያለ ይመስላል። መፍትሔው ልይይቱ ከአማካዩ እንዲበልጥ የሚፈቅደው ኔጋቲቭ ባይኖሚያል ነው። ዜሮ መብዛቱ ብቻ የዜሮ-ጭማሪ ሞዴል (ተጨማሪ ዜሮዎችን ለብቻ የሚያሰላ) አያስመርጥም፤ አማካዩ ዝቅተኛ ሲሆን ኔጋቲቭ ባይኖሚያል ራሱ ብዙ ዜሮ ይጠብቃል። የቆጠራው ስፋት ከፕሎት ፕሎት ከተለያየ የስፋቱ ሎግ እንደ ኦፍሴት (ቋሚ ማስተካከያ) ይገባል።

ብቅለት ባይኖሚያል (በቀለ ወይም አልበቀለ የሚል ሁለት ውጤት ያለው ቆጠራ) ነው። ከ100 ዘር 92 ከበቀለ የበቀለውም ያልበቀለውም ይመዝገብ፤ "92 በመቶ" ብቻ ከተጻፈ ስንት ዘር እንደተፈተነ ይጠፋል። የአንድ ትሪትመንት ዘር በሙሉ ከበቀለ ሎጂስቲክ ሪግሬሽን (የባይኖሚያል መረጃ ሞዴል) የተጋነነ ስታንዳርድ ኤረር ይሰጣል፤ የፈርዝ ማስተካከያ (ግምቱን ከጽንፍ የሚመልስ ዘዴ) ይህን ይፈታል። በዋግ የተሸፈነ የቅጠል ድርሻ ቆጠራ ስላልሆነ ቤታ ሪግሬሽን (በ0 እና በ1 መካከል ላለ ድርሻ የሚሠራ ሞዴል) ይስማማዋል፤ ቤታ ግን ልክ 0ን እና 100 በመቶን አይቀበልም። ከ1 እስከ 9 የሚሰጥ የበሽታ ደረጃ በኦርዲናል (ቅደም ተከተልን ብቻ በሚጠቀም) ሞዴል ይሠራል።

ሎግ መውሰድ ቀላል ቢሆንም ትርጉሙን ይቀይራል፤ የ1፣ 10 እና 100 አማካይ 37 ሲሆን በሎግ ተሠርቶ ሲመለስ 10 ይሆናል። በደረጃ ብቻ የሚያወዳድረው የክሩስካል-ዋሊስ ፈተና ደግሞ ብሎክን አያውቅም፤ ለብሎክ ፍሪድማን አለ፣ ስፕሊት-ፕሎትን (ትልቁ ፕሎት ወደ ንዑስ ፕሎቶች የሚከፈልበትን ንድፍ) ግን አይችልም። ኖራ በዋና ፕሎት፣ ማዳበሪያ በንዑስ ፕሎት ከሆነ ዋናው ፕሎት ራንደም (በዘፈቀደ የሚለዋወጥ) ሆኖ የሚገባበት ቅይጥ ሞዴል የግድ ነው። ይህ ከቀረ የኖራው ውጤት በንዑስ ፕሎቶች ስህተት ይለካል፤ ሥርጭቱ በትክክል ቢመረጥም ፒ-ቫልዩው (ልዩነት ባይኖር ይህን ያህል ውጤት የሚታይበት ዕድል) ያለአግባብ ያንሳል።