ደብተር ሰጥቶ «አስተማርን» ማለት ይቅር

በየዓመቱ ጳጉሜን ሲገባ በደብረ ብርሃን፣ በመሐል ሜዳ፣ በሸዋ ሮቢት በጎ ፈቃደኞች ገንዘብ ያዋጣሉ፤ ደብተርና እስክሪብቶ ይገዛሉ፤ ልጆቹን አሰልፈው ያድላሉ። ከዚያ «ዘንድሮም የችግረኛ ልጆችን አስተማርን» ይባላል። ይህን አባባል በየዓመቱ መስማት እውነት ያደክማል፤ መስከረም ላይ ደብተር ያጣ ልጅ ከጎረቤትም ቢሆን አያጣም። ልጆች ከትምህርት የሚቀሩት ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ገብሱና ባቄላው ሲደርስ፣ ወይም ስንቅ ሲያልቅ ነው።

ከገጠር ቀበሌ መጥቶ ከተማ ዘጠነኛ ክፍል የሚማረውን ልጅ አስቡት። ከሁለት ሦስት የአገሩ ልጆች ጋር አንዲት ክፍል ተከራይቷል። ዓርብ ከትምህርት ሲወጣ በእግሩ ወደ ቤተሰቡ ይሄድና እሑድ ማታ ስንቁን በማዳበሪያ ከረጢት ተሸክሞ ይመለሳል፤ እንጀራ፣ ሽሮ፣ ቆሎ፣ በሶ። እንጀራው ረቡዕ ላይ መሻገት ይጀምራል። ሐሙስን በሶ በጥብጦ ይውላል። በሶውም ካለቀ ዓርብን ሳይጠብቅ ወደ ቤቱ ይወጣል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ረቡዕ ይወጣል፤ ከዚያ ጭራሹን ይቀራል። ሁለት ደርዘን ደብተር ይህን አያስቆመውም።

ስለዚህ የሰበሰባችሁትን ገንዘብ ጳጉሜን ላይ አትጨርሱት። ግማሹን አስቀሩ። ብዙ የሚጻፍባቸው ትምህርቶች ባለ 50 ሉክ ደብተር ጥር ሳይወጣ ያልቃል፤ የሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ደብተር የካቲት ላይ መገዛት አለበት። የቤት ኪራዩን በልጁ እጅ ሳይሆን ለአከራዩ በየሦስት ወሩ ክፈሉና አስፈርሙ፤ በልጁ እጅ የገባ ብር ቤት ውስጥ የታመመ ሰው ካለ እዚያ ነው የሚሄደው፣ አይፈረድበትምም። ለሴቶቹ ሞዴስና ሳሙና በየወሩ ይድረስ። ከክፍል ኃላፊው መምህር ጋር ተነጋገሩና ሦስት ቀን ተከታትሎ የቀረ ልጅ ስም በዚያው ሳምንት ይሰጣችሁ፤ ወር ካለፈ በኋላ ልጁን መመለስ በጣም ከባድ ነው።

አጨዳ ሲደርስ ደግሞ ገንዘብ ሳይሆን ጉልበት ነው የሚያስፈልገው። ባሏ የሞተባት እናት ልጇን ከትምህርት የምታስቀረው የሚያጭድላት ስላጣች ነው። ቅዳሜ ደቦ ውጡ። አሥር ሰው ማጭድ ይዞ ከወጣ የአንድ ጥማድ ገብስ በአንድ ቀን ይታጨዳል። ምሳችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ ለደቦ ጠላና እንጀራ አቅርቢ ከተባለች ዕዳ ውስጥ አስገባችኋት ማለት ነው።

በየዓመቱ የሚሰሙ ሌሎች አባባሎችም አሉ፤ አንድ በአንድ እንያቸው።

«ለሁሉም ብርድ ልብስ ይሰጥ።» ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከኅዳር እስከ ጥር ውርጭ አለ፤ ብርድ ልብስ ይሰጥ። ሸዋ ሮቢት ግን 1,300 ሜትር አካባቢ፣ የወባ አገር ናት፤ እዚያ አጎበር ነው የሚያስፈልገው።

«እድር ለቀብር ነው።» የትኛው ቤት ጭስ እንዳልወጣ ከእድሩ ዳኛ በላይ የሚያውቅ የለም። ከእሱ ጀምሩ።

«ሕፃኑ ከስቷል፣ የዱቄት ወተት እንግዛለት።» እንዲህ ማድረግ ልጅ ይገድላል። ስድስት ወር ላልሞላው ሕፃን የእናት ጡት ብቻ ይበቃዋል፤ እናትየዋን አብሉ። ዱቄቱ ውድ ስለሆነ እንዲበረክት ይቀጥናል፣ ውኃው በደንብ አይፈላም፣ ጡጦው አይቀቀልም፤ ተቅማጥ ይከተላል። ከ6 እስከ 59 ወር ያለ ልጅ ከከሳ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ክንዱን ትለካዋለች፤ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ለሕክምና የተዘጋጀ አልሚ ምግብ ከጤና ኬላ በነፃ ይሰጠዋል፤ ምግቡ መድኃኒት ስለሆነ ለወንድምና እህት አይከፋፈልም። የሁለቱን እግሮቹን ጀርባ በአውራ ጣት ሦስት ሰከንድ ተጫኑት፤ ጣታችሁን ስታነሱ ጉድጓዱ ካልጠፋ በዚያው ዕለት ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

«ወላጅ የሌለው ልጅ ማሳደጊያ ይግባ።» ወላጅ አልባ ከሚባሉት ብዙዎቹ አንድ ወላጅ በሕይወት አላቸው፤ ሌሎቹም አያት ወይም አክስት አላቸው። ልጁን ከመውሰድ አያቱን መደገፍ ይሻላል። ለውጭ አገር ሰው በጉዲፈቻ መስጠት ደግሞ በ2010 ዓ.ም. በሕግ ተከልክሏል፤ ዛሬም «ውጭ ይሂድ» የሚል አለና ይታወቅ።

«ባሏ የሞተባት እናት በግ ከተሰጣት ትቋቋማለች።» መንዝ የበግ አገር ስለሆነ ብቻ ይህ አይሠራም። በግንቦት፣ ግጦሽ ባለቀበት የተሰጠች በግ ወይ ትሞታለች ወይ ትሸጣለች። መኸር ከገባ በኋላ፣ ገለባ ሲኖር፣ ሁለት ወላድ በግ ስጡ። ረግረግ አጠገብ ካሰማራቻቸው የጉበት ትል ይጨርሳቸዋል፤ ክረምት ሲወጣ የትል መድኃኒት ከወረዳው የእንስሳት ጤና ክሊኒክ አስወስዱላቸው። በግ አምስት ወር ነው የምታረግዘው፤ የመጀመሪያዋ ሴት ግልገል ጡት ስትጥል ለቀጣዩ ቤተሰብ እንድታልፍ ከመስጠታችሁ በፊት በእድሩ ፊት ተስማሙ።