ለሕክምና የተፈቀደ ኤምአርአይ ለጥናት ለምን ይከለከላል?
ለሕክምና ኤምአርአይ (በኃይለኛ ማግኔት የሚነሳ የሰውነት ውስጥ ምስል) የተነሳ ሰው ለጥናት ሲቀርብ «አይሆንም» ሊባል ይችላል። ብዙ ሰው ግራ የሚጋባው እዚህ ላይ ነው።

ልዩነቱ ጥቅሙ ላይ ነው። ለታመመ ሰው ሐኪሙ ጥቅሙንና አደጋውን ይመዝናል፤ አንዳንዴ ትንሽ አደጋ መቀበል ያዋጣል። ለጥናት የሚገባው ግን ብዙ ጊዜ ጤነኛ ፈቃደኛ ነው። ምስሉ እሱን አያክመውም። ስለዚህ ባለሙያው ከተጠራጠረ ያስቀረዋል። ትክክልም ነው እላለሁ።

ድሬዳዋን አስቡ። ከባቡር ጥገና እስከ ሰፈር ጋራዥ፣ ብየዳና ግራይንደር የለመደ ሰው ሞልቷል። ዓይን ውስጥ የቀረች የብረት ብናኝ ሳትታወቅ ዓመታት ልትቆይ ትችላለች። ማግኔቱ ካንቀሳቀሳት ግን ዓይን ሊጎዳ ይችላል። 1.5 ቴስላ (ቴስላ የማግኔት ጥንካሬ መለኪያ ነው) የሆነ የኤምአርአይ ማግኔት ኃይል ከመሬት ማግኔታዊ ኃይል 30,000 እጥፍ ገደማ ነው። በአብዛኞቹ ማሽኖች ደግሞ ምስል ባይነሳም ይህ ኃይል አይጠፋም። ለታካሚ ዓይኑን ራጅ አንስቶ ማጣራት ይቻላል። ለጥናት ተብሎ ብቻ ጤነኛን ሰው ለጨረር ማጋለጥ ግን ከባድ ነው።

ኩል ከተኳላችሁ ታጥባችሁ ግቡ፤ አንዳንዱ የብረት ቅንጣት አለው። ብየዳውንም «ድሮ ነው» ብላችሁ አትለፉት፤ ለባለሙያው ንገሩት።