ክቡር ማነው? ሥልጣንና አንቱታ በኢትዮጵያ

በአማርኛ ስለ አንድ ሚኒስትር ሲወራ መሐል ሰፋሪ መሆን አይቻልም። ወይ «መጣ» ነው፣ ወይ «መጡ» ነው። ተናጋሪው አፉን በከፈተ ቁጥር፣ ወደደም ጠላም፣ ማክበር አለማክበሩን ግሱ ያሳብቅበታል። ባለሥልጣን በወንበሩ ብቻ ይከበራል ወይ የሚለው ጥያቄ እኛ ጋ ከሰዋስው ይጀምራል።

በዘውዱ ዘመን መልሱ አጭር ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ «ሥዩመ እግዚአብሔር» ናቸው። የሾማቸው ሰው ስላልሆነ ሰው አይጠይቃቸውም። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይባል ነበር። ነገሩ ተረት ሆኖ ብቻ አልቀረም፤ በ1923ቱ ሕገ መንግሥት ተጻፈ። የተሻሻለው የ1948ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 4 ደገመው። ንጉሠ ነገሥቱ በዘራቸውና በተቀቡት ቅባት ምክንያት ቅዱስ ናቸው፣ ክብራቸው አይደፈርም፣ ሥልጣናቸው አይነካም ይላል። ልብ በሉ፣ አንቀጹ ስለ ሥራቸው አንድም ቃል አያነሳም። ዘርና ቅባት ይበቃል።

ቅባቱ ምን ያህል ይከብድ እንደነበር ለማየት ልጅ ኢያሱን ማስታወስ ነው። ከምኒልክ በኋላ አገሪቱን ያስተዳደሩት እሳቸው ነበሩ። ግን ዘውድ ሳይደፉ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ወረዱ። ይኸው እስከ ዛሬ «ልጅ» ናቸው። ሥልጣኑን ይዘውት ነበር፤ ማዕረጉ ግን የሚመጣው ከዘውዱ ነው።

አክብሮቱ ቤተ መንግሥት ብቻ የሚቀርም አልነበረም። ሰው ገበያ ላይ ተከራክሮ ሲምል «ኃይለ ሥላሴ ይሙት!» ይል ነበር። ለማያውቀው ሰው እርግማን ይመስላል። መሐላ ነው። ውሸቴን ከሆነ እጅግ የማከብረው ይሙት እንደ ማለት ነው። በአንጻሩ የተበደለ ሰው ጉልበተኛን ማስቆም ሲፈልግ «በሕግ አምላክ!» ብሎ ይጮሃል። ይህኛው የማንንም ሹም ስም አይጠራም። ሁለቱ ጩኸቶች አንድ መንደር ውስጥ ጎን ለጎን መኖራቸው ሁሌ ይገርመኛል።

ታዲያ ሕዝቡ እጅ እየነሳ ዝም ብሎ ብቻ ይኖር ነበር ማለት አይደለም። አዝማሪ በሰምና ወርቅ ሹሙን ይሸነቁጠዋል። ሰሙን ሰምቶ የሚስቅ ይስቃል፣ ወርቁ የገባው ያንገቱን ላብ ይጠርጋል። መኳንንቱም «እረኛ ምን አለ?» እያሉ ይጠይቁ ነበር ይባላል። ፊት ለፊት የማይነገረው በእረኛ ዘፈን ይነገራልና።

ከሁሉም የሚገርመው ግን ሕዝቡ የራሱ ማዕረግ ነበረው። «ግርማዊ» ከቤተ መንግሥት ይወጣል። «እምዬ» ግን በአዋጅ አይሰጥም። እምዬ ምኒልክ ሲባል ሰውየው እናት ተደርገዋል። ከዚህ በላይ ምን ክብር አለ? የፈረስ ስምም እንዲሁ ነው። አባ ታጠቅ ሲባል ቴዎድሮስ፣ አባ ዳኘው ሲባል ምኒልክ መሆናቸውን የማያውቅ አልነበረም። እንዲያውም በሽለላና በቀረርቶ ላይ ነገሥታቱ በ«አንቱ» አይጠሩም። በጦር ሜዳ ስማቸው በነጠላ፣ እንደ ወንድም፣ እንደ ወዳጅ ይጠራል። ፈጣሪንም «አንተ» ነው የምንለው። የልብ አክብሮት አንቱታ የማይፈልግበት ቦታ አለ ማለት ነው።

የወንበሩ ክብር ምን ያህል ቶሎ እንደሚተን መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ታየ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት በትንሽ ቮልስዋገን ተጭነው ሲወጡ «ሌባ! ሌባ!» እያለ የሚጮህ ሰው ነበር። መኪናቸው ሲያልፍ መሬት ይሳም የነበረበት ከተማ ነው እንግዲህ።

ደርግ ሲመጣ «ጓድ» መጣ። ሐሳቡ መልካም ነበር፦ ሁሉም እኩል ነው፣ ራስ የለም፣ ደጃዝማች የለም። ብዙም አልቆየም። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሬዲዮ የሚከፍት ሰው «ጓድ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም፣ የኢሠፓ ማዕከላዊ ኮሚቴ ዋና ጸሐፊ፣ የኢሕዲሪ ፕሬዚዳንትና የአብዮታዊ ጦር ኃይሎች ዋና አዛዥ» የሚለውን እስኪያልቅ መጠበቅ ነበረበት። እኩልነትን የሚያበስረው ቃል የረዥም ማዕረግ መግቢያ ሆኖ አረፈው። በ1983 ባለቤቱ አገር ጥለው ሲሄዱ ማዕረጉም አብሮ ሄደ።

ዛሬ ያለው «ክቡር» እና «ክብርት» ነው። የምክር ቤት አባል ተነስቶ «አመሰግናለሁ ክቡር አፈ ጉባኤ» ሳይል ጥያቄ አይጠይቅም። ቃሉ ረክሷል የሚሉ አሉ። የክብር ዶክትሬት የተሰጠው ዘፋኝም «ክቡር ዶክተር» ነው። ሪፖርተር ጋዜጣም ለረዥም ጊዜ «ክቡር ሚኒስትር» የሚል የቀልድ ዓምድ አለው። ሚኒስትሩ ከሚስታቸው፣ ከሾፌራቸው፣ ከአማካሪያቸው ጋር ሲያወሩ እያነበብን ስቀናል። ማዕረጉ ራሱ የቀልድ መጀመሪያ ሆነ።

ሕጉ ደግሞ ወደ ሌላ አቅጣጫ ሄዷል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 12 ማንኛውም ኃላፊና የሕዝብ ተመራጭ ኃላፊነቱን ሲያጓድል ተጠያቂ ይሆናል ይላል። ሕዝቡ አመኔታ ያጣበትን ተመራጭ ማንሳት እንደሚችልም ይጨምራል። ወረቀቱ ላይ ከ1948ቱ አንቀጽ 4 ጋር ሰማይና ምድር ናቸው። አፋችን ግን አሁንም በአንቀጽ 4 ነው የሚተዳደረው ብል አልሳሳትም።

ክብሩ በቅድመ ሁኔታ ሲመጣም አይተናል። ዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ እስከ 1994 ፕሬዚዳንት ነበሩ። የሚወርድ ፕሬዚዳንት ቤት፣ መኪናና ሌላም ጥቅማ ጥቅም ይጠበቅለታል። ግን ከፓርቲ ፖለቲካ መራቅ አለበት ተባለ። እሳቸው በ1997ቱ ምርጫ በግላቸው ደምቢ ዶሎ ላይ ተወዳድረው አሸነፉ፤ ጥቅማ ጥቅሙንም አጡ። በኋላ በአዲስ አበባ ብዙ ሰው በአክብሮት ያነሳቸው የነበረው ግን ከዚያ ወዲያ ነው። ለእኔ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የለም።

ከባዱ ክርክር የተነሳው ግን ባሕር ማዶ ነው። ግንቦት 10 ቀን 2004 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ዋሽንግተን ውስጥ ስለ ምግብ ዋስትና በሚመከርበት መድረክ ላይ ተቀምጠው ሳለ ጋዜጠኛ አበበ ገላው ተነስቶ አምባገነን ናቸው ብሎ ጮኸባቸው። ቪዲዮው በየቡና ቤቱ ታየ። ግማሹ «ጀግና!» አለ። ሌላው «የአገር መሪ በባዕድ ፊት እንዴት ይዋረዳል?» ብሎ ተቆጣ። የሚገርመው፣ ከተቆጡት መሐል መለስን የማይወዱም ነበሩ። የተሰደበው ሰውየው ነው ወይስ ወንበሩ? ከሦስት ወር በኋላ ደግሞ፣ ነሐሴ 15፣ ሞታቸው ተነገረ። ያኔ «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» የሚለው መጣና ክርክሩ ሳይቋጭ ቀረ።

ነገሩ የተፈጸመባት ከተማ በስሙ የምትጠራበት ሰው ራሱ ይህ ጣጣ ነበረበት። በ1789 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ሴኔት ለጆርጅ ዋሽንግተን «ልዑልነታቸው» የሚል ረዥም ማዕረግ ሊሰጥ አስቦ ነበር። የተወካዮች ምክር ቤት እንቢ አለና «ፕሬዚዳንት» ብቻ ሆኖ ቀረ። አሁን እዚያ ያደጉ ልጆቻችን ፕሬዚዳንታቸውን በአባት ስም ብቻ እየጠሩ ሲያወሩ ወላጆች ይደነግጣሉ። ያው ልጅ ጎረቤት ያሉትን አዛውንት «አንተ» ካለ ግን ድንጋጤው ወደ ቁጣ ይዞራል።

እዚህ አዲስ አበባም ተመሳሳይ ነገር አለ። ከሥልጣን የወረደ ባለሥልጣን ጠዋት ዳቦ ሊገዛ ሲወጣ «ክቡር» የሚለው የለም። ኳስ የሚጫወቱት ልጆች ግን መንገድ ይለቁለትና «ጋሼ፣ እንደምን አደሩ» ይሉታል። ምን ሆኖ እንደነበር አያውቁም። ፀጉሩ ሸብቷል፣ በቃ።