ባዮሎጂካል ሴክስ ምንድን ነው? ለምንስ የፓርቲ ጠብ ሆነ?

የአሜሪካና የእንግሊዝ ፖለቲካ በተነሳበት ቦታ ሁሉ ኦንላይን ላይ አንድ ጥያቄ ትወረወራለች፣ "ሴት ማለት ምን ማለት ነው?" ምትል። ከዛ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ፣ አንዱ "ሳይንስ ነው በቃ፣ ኤክስ ኤክስ እና ኤክስ ዋይ" ይላል (የሴትና የወንድ ክሮሞዞሞችን ማለቱ ነው)፣ ሌላው "ሳይንስማ ጾታ ስፔክትረም ነው ይላል" ብሎ ይመልሳል (ሁለት ብቻ ሳይሆን በመሃል ብዙ ደረጃ አለው ማለቱ ነው)፣ ከዛ ስድብ፣ ከዛ ብሎክ፣ ከዛ ስክሪንሾት። ይሄ ነገር በጣም ነው ሚያሳስበኝ፣ ምክንያቱም ከጠቡ ስር ያለው ጉዳይ የእውነት ሰዎችን ስራ፣ ሜዳሊያ፣ ፓስፖርት፣ ህክምና ይነካል፣ ሰው ግን ጠቡን ነው እንጂ ጉዳዩን አያውቀውም። ስለዚህ ባዮሎጂካል ሴክስ ሚባለው (ከዚህ በኋላ ጾታ እያልኩ ነው ምሄደው) ምን እንደሆነ ከስሩ ላስረዳ። አመተ ምህረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንያዝ። እዚህ ክርክር ውስጥ ሶስት ጥያቄዎች ተደበላልቀዋል። አንደኛው ጾታ በባዮሎጂ ምንድን ነው ሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ አንድ ሰው ፊታችን ቢቆም ወንድ ይሁን ሴት በምን እናውቃለን ሚል ነው። ሶስተኛው ህጉ፣ ስፖርቱ፣ እስር ቤቱ፣ መታወቂያው በምን ይመራ ሚል ነው። የአንድ ፓርቲ ደጋፊ ስትሆን ለሶስቱም አንድ አጭር መልስ እንዲኖርህ ይጠበቅብሃል፣ እኔ ግን ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው ባይ ነኝ፣ አንዱን በትክክል መለስክ ማለት ሌላውን መለስክ ማለት አይደለም።

ወደ አንደኛው እንሂድ። ባዮሎጂስቶች ወንድና ሴት ሲሉ መነሻቸው የመራቢያ ሴል ነው። በጾታ ሚራቡ እንስሳት ላይ ሁለት አይነት ሴል አለ፣ አንዱ ትልቅ፣ ቁጥሩ ትንሽ፣ ስንቁን ይዞ የተቀመጠ ነው፣ እንቁላል ማለት ነው፤ ሌላው በጣም ትንሽ፣ እጅግ ብዙ፣ ተንቀሳቃሽ ነው፣ እሱ ስፐርም ነው። የሰው እንቁላል ስፋቱ 0.1 ሚሊሜትር አካባቢ ስለሆነ አይኑ ጥሩ የሆነ ሰው ያለ ማይክሮስኮፕ እንደ ነጥብ ሊያየው ይችላል፣ የስፐርሙ ጭንቅላት ግን 0.005 ሚሊሜትር አካባቢ ነው፣ በባዶ አይን አይሞከርም። ትልቁን በሚያመርተው መንገድ የተሰራ አካል ሴት፣ ትንሹን በሚያመርተው መንገድ የተሰራ ወንድ ይባላል። በመሃላቸው ሶስተኛ አይነት ሴል የለም። "ጾታ ሁለት ነው" ሚሉ ሳይንቲስቶች ይሄን ማለታቸው ነው፣ በዚህ ትርጉም ደግሞ ልክ ናቸው።

ለምን ክሮሞዞምን (ሴል ውስጥ ጂኖችን የተሸከመውን፣ ሰው ላይ በአብዛኛው ሴት ኤክስ ኤክስ፣ ወንድ ኤክስ ዋይ ሚሆነውን) አልያዙም ትሉ ይሆናል። ክሮሞዞም እኮ በየእንስሳው ይለያያል። ወፎች ላይ የተገላቢጦሽ ነው፣ ሁለት ተመሳሳይ ክሮሞዞም ያለው ወንዱ ነው (ዜድ ዜድ)፣ የተለያየ ያላት ሴቷ ናት (ዜድ ደብሊው)። አዞ ጋ ጭራሽ የጾታ ክሮሞዞም የለም፣ እንቁላሉ የተቀበረበት ቦታ ሙቀት ነው ወንድ ወይ ሴት ሚያደርገው። ክላውንፊሽ ሚባለው አሳ ደግሞ የቡድኑ ሴት ስትሞት ዋናው ወንድ ወደ ሴትነት ይቀየራል። ይሄ ሁሉ ልዩነት እያለ "ሴቷ አዞ" "ወንዱ ወፍ" ብለን ያለ ችግር ምናወራው በሁሉም ላይ ሴቷ ትልቁን፣ ወንዱ ትንሹን ሴል ስለሚያመርቱ ነው። ስለዚህ "ጾታ ማለት ክሮሞዞም ነው" ሚለው ሰው፣ ክሮሞዞም ሰው ላይ ጾታን ሚያስጀምር መንገድ መሆኑን ከጾታው ከራሱ ጋር ቀላቅሎታል። ክላውንፊሽን ጠቅሶ "ይኸው ጾታ ይቀየራል" ሚለውም ቢሆን አጥቢ እንስሳት ላይ እንዲህ ያለ ነገር እንደማይታይ ዘሎታል።

አሁን ሁለተኛው ጥያቄ፣ ነገሩ ሚከብደው እዚህ ጋ ነው። ማንም አዋላጅ የህፃን የመራቢያ ሴል አያይም፣ ውጫዊ ብልቱን አይቶ ነው ወንድ ነው ወይ ሴት ናት ሚለው፣ በአብዛኛው ልክ ይሆናል፣ ምክንያቱም አብዛኛው ሰው ላይ ክሮሞዞሙም፣ እጢውም፣ ሆርሞኑም፣ ብልቱም ወደ አንድ አቅጣጫ ነው ሚሄዱት። ሰንሰለቱ እንዲህ ነው፣ ዋይ ክሮሞዞም ላይ ኤስአርዋይ ሚባል ጂን አለ (በ1990 ነው እንግሊዝ ውስጥ ተመራማሪዎች የለዩት)፣ እሱ ፅንሱ ስድስት ሰባት ሳምንት አካባቢ ሲሆነው ስራ ሲጀምር ገና ያልለየለት የመራቢያ እጢ ወደ ወንድ የዘር ፍሬነት ያመራል፣ የዘር ፍሬው ቴስቶስትሮን ሚባለውን የወንድ ሆርሞን ያመርታል፣ ቴስቶስትሮኑ ሰውነቱን በወንድ መንገድ ይገነባል። ጂኑ ከሌለ ደግሞ ሌሎች ጂኖች ተጋግዘው እጢውን ኦቫሪ (እንቁላል ሚይዘው የሴት እጢ) ያደርጉታል።

ይሄ ሰንሰለት አንዳንዴ መሃል ላይ ይቋረጣል። ለምሳሌ ሙሉ የአንድሮጅን (ቴስቶስትሮንና መሰሎቹ) አለመቀበል ሚባል ሁኔታ አለ። ልጅቷ ኤክስ ዋይ ናት፣ ጂኑ ሰርቷል፣ ሆዷ ውስጥ የዘር ፍሬ አለ፣ ቴስቶስትሮንም ይመረታል፣ ግን የሰውነቷ ሴሎች ሆርሞኑን ሚቀበሉበት ነገር አይሰራም። ስለዚህ ስትወለድ ሴት ናት ተብላ፣ እንደ ሴት አድጋ፣ ጡት አውጥታ፣ እኩዮቿ ሁሉ የወር አበባ ሲያዩ እሷ ስትቀር ሀኪም ጋ ትሄዳለች፣ ከዛ ነው ማህፀን እንደሌላት ሚነገራት። በክሮሞዞም ኤክስ ዋይ፣ በእጢ ወንድ፣ በመልክ በአስተዳደግና በራሷ ስሜት ሴት። ለእሷ "ሳይንስ ነው በቃ" ማለት ምንም አይመልስላትም። በሌላ በኩል ክላይንፌልተር ያለባቸው ወንዶች (ኤክስ ኤክስ ዋይ) ከ600 ወንድ አንድ ያህል ናቸው፣ ብዙዎቹ ሳያውቁት ነው ሚኖሩት፣ ወንድነታቸው ላይ ግን ሚከራከር የለም፣ ማለትም ክሮሞዞሙ የተለየ ሁሉ ጾታው አጠራጣሪ ነው ማለት አይደለም።

ታዲያ እንዲህ አይነት ሰዎች (በጥቅሉ ኢንተርሴክስ ይባላሉ) ስንት ናቸው? ኦንላይን ላይ ሁለት ቁጥር ታገኛላችሁ፣ 1.7 ፐርሰንት እና 0.018 ፐርሰንት። ከ100,000 ሰው 1,700 እና 18 ማለት ነው፣ ወደ መቶ እጥፍ ሚጠጋ ልዩነት። ሁለቱም ከታተሙ ጥናቶች የመጡ ናቸው። የመጀመሪያው በ2000 የወጣ ነው፣ ከተለመደው የወንድና የሴት አካል በየትኛውም ነገር ወጣ ያለውን ሁሉ ቆጥሮ ነው እዛ የደረሰው፣ ከ1.7ቱ ደግሞ 1.5 ያህሉ ዘግይቶ የሚታይ የአድሬናል እጢ ችግር ነው፣ ይሄ ያለባቸው ሴቶች አብዛኞቹ ኦቫሪም ማህፀንም ያላቸው፣ ሲወለዱ ማንም ያልተጠራጠራቸው ናቸው። ሁለተኛው በ2002 የወጣ ምላሽ ነው፣ እሱ ደግሞ ክሮሞዞምና አካል ሚጋጩባቸውን ወይ ብልታቸው በግልፅ ያልለየላቸውን ብቻ ነው የቆጠረው። ቁጥሩ ሊለያይ የቻለው ሁለቱ አንድ አይነት ነገር ስላልቆጠሩ ነው፣ ኦንላይን ላይ ግን አንዱ ወገን ትልቁን ሌላው ትንሹን ይዞ ይሮጣል፣ ምን እንደተቆጠረ ሚጠይቅ እምብዛም አታዩም።

እዚህ ጋ ሚያናድደኝን ልናገር። ትራንስጀንደር ሰዎችና ኢንተርሴክስ ሰዎች አንድ አይደሉም። አብዛኛው ትራንስ ሰው አካሉ ሲወለድ የተለመደው አይነት ነው፣ ጥያቄው ስለ ራሱ ሚሰማው ማንነት ነው። እና ሰው ስለ ትራንስ ሲከራከር ኢንተርሴክስን ጎትቶ ማስረጃ ያደርጋቸዋል፣ ሌላው ደግሞ ማስረጃውን ለማፍረስ ብሎ እነሱን ከቁጥር አይገቡም ይላል፣ በመሃል የራሳቸው ጉዳይ ይረሳል። ጉዳያቸው ለምሳሌ ገና ጨቅላ እያሉ፣ ጤናቸው ሳያስገድድ፣ ብልታቸው "እንዲስተካከል" ተብሎ ሚሰራው ኦፕራሲዮን ነው። ማልታ በ2015 ይሄን በህግ ከልክላለች፣ ጾታ ስፔክትረም ነው ወይስ ሁለት ሚለው ክርክር እስኪያልቅ አልጠበቀችም።

ወደ ፓርቲው እንምጣ። አሜሪካ ውስጥ በማርች 2022 ኬታንጂ ብራውን ጃክሰን ለጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኝነት ሴኔት ፊት ስትቀርብ ሪፐብሊካኗ ሴናተር ማርሻ ብላክበርን ሴት ለሚለው ቃል ትርጉም እንድትሰጥ ጠየቀቻት፣ ጃክሰን በዚህ አውድ አልችልም፣ ባዮሎጂስት አይደለሁም አለች፣ ያቺ ቪዲዮ እስካሁን ትዞራለች። በቀጣዩ አመት ካንሳስ ሴትን በመራቢያ ስርአቷ ሚተረጉም ህግ አወጣች፣ ዴሞክራቷ ገዢ ውድቅ ብታደርገውም ምክር ቤቱ ሽሮባት አፀደቀው። ከዛ ጃንዋሪ 20 ቀን 2025 ዶናልድ ትራምፕ ስልጣን በያዘበት ቀን የፈረመው ትእዛዝ ሴትን በፅንሰት ጊዜ ትልቁን የመራቢያ ሴል ሚያመርተው ጾታ ወገን የሆነች፣ ወንድን ደግሞ ትንሹን ሚያመርተው ወገን የሆነ ብሎ ተረጎመ።

"በፅንሰት ጊዜ" ምትለዋ ሃረግ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም በዛው ሰሞን "ፅንስ ሁሉ ሲጀምር ሴት ነው፣ ስለዚህ በትእዛዙ መሰረት አሜሪካዊ ሁሉ ሴት ሆነ" ሚል ፖስት አለምን አዳርሶ ነበር። ትክክል አይደለም። ፅንስ መጀመሪያ ሴት አይደለም፣ ያልለየለት ነው፣ እጢው ወደሁለቱም ሊሄድ ይችላል፣ ማህፀን ሊሆን ሚችለውም የወንድ ዘር ማስተላለፊያ ሊሆን ሚችለውም ቱቦ ሁለቱም አብረው ነው መጀመሪያ ሚበቅሉት፣ ከዛ አንዱ ያድጋል አንዱ ይከስማል። ግን የትእዛዙ ደጋፊዎችም ቢሆኑ ማየት ያለባቸው ነገር አለ። በፅንሰት ሰአት ያለው አንድ ሴል ነው፣ ምንም አያመርትም። ትእዛዙ የአንደኛውን ጥያቄ መልስ ከባዮሎጂ ወስዷል፣ ጥሩ፣ ሁለተኛው ላይ ግን አንድ ሰው የየትኛው "ወገን" እንደሆነ በምን ምርመራ እንደሚለይ አይናገርም። ከላይ ያነሳኋት ኤክስ ዋይ ልጅ የት ትግባ? ፅሁፉ ውስጥ መልስ የላትም።

ደግሞ ሁለቱ ፓርቲዎች ኦንላይን እንደሚመስሉት ሁለት የተሰለፉ ጦሮች አይደሉም። ፒው ሪሰርች ሚባለው የአሜሪካ የጥናት ተቋም በ2022 ባደረገው ጥናት ከሪፐብሊካኖች 86 ፐርሰንቱ ሰው ወንድ ወይ ሴት ሚሆነው ሲወለድ በነበረው ጾታ ነው ሲሉ፣ ከዴሞክራቶች 61 ፐርሰንቱ ሊለያይ ይችላል አሉ። ይሄ ማለት አስር ዴሞክራት ብትሰበስብ ወደ አራት ሚጠጉት እዚህ ጥያቄ ላይ ከሪፐብሊካኑ ጋር ናቸው ማለት ነው፣ እነዚህ ሰዎች ክርክሩ ውስጥ ድምፃቸው አይሰማም።

ሶስተኛው ጥያቄ ከአንደኛው ሚለይ መሆኑን በደንብ ያሳዩኝ ግን ፍርድ ቤቶቹ ናቸው። በጁን 2020 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቦስቶክ በተባለው መዝገብ 6 ለ 3 ሲወስን ውሳኔውን የፃፈው ትራምፕ ራሱ የሾመው ዳኛ ኒል ጎርሰች ነበር። ጎርሰች ስራ ላይ በጾታ ማዳላትን በሚከለክለው የ1964ቱ ህግ ውስጥ ጾታ ማለት ባዮሎጂካል ጾታ ነው ሚለውን ለክርክሩ ያህል ተቀብሎ ነው የጀመረው፣ ከዛ ተነስቶ ግን ሰውን ትራንስ ነው ብሎ ከስራ ማባረር በጾታ ማዳላት ነው አለ። የእንግሊዝ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደግሞ ኤፕሪል 16 ቀን 2025 አምስቱም ዳኞች በአንድ ድምፅ በ2010ሩ የእኩልነት ህግ ውስጥ ሴት እና ጾታ ማለት ባዮሎጂካል ነው፣ በ2004ቱ ህግ የተገኘ የጾታ ለውጥ ሰርተፊኬት ለዚህ ህግ አላማ ያንን አይቀይርም ብለው ወሰኑ፣ በዛው ውሳኔ ትራንስ ሰዎች በዛው ህግ ከመድልዎ የተጠበቁ እንደሆኑም አረጋገጡ። ውሳኔውን ያነበቡት ሎርድ ሆጅም አንዱ ወገን ሌላውን እንዳሸነፈ አድርጋችሁ አትዩት ብለው ነበር፣ በማግስቱ ግን ሁሉም እንደዛ ነው ያየው። ሁለት ፍርድ ቤቶች፣ ተመሳሳይ መነሻ፣ ግን ህጎቹ የተፃፉበት አላማ ስለሚለያይ ውጤቱም ተለያየ።

ስፖርት ላይም ያው ነው። የስፔኗ የመሰናክል ሯጭ ማሪያ ሆሴ ማርቲኔዝ ፓቲንዮ በ1985 ጃፓን ኮቤ ላይ በክሮሞዞም ምርመራ ኤክስ ዋይ ሆና ተገኘች፣ ከውድድር ታገደች፣ ታሪኳ ጋዜጣ ላይ ወጣ፣ ሰውነቷ ቴስቶስትሮንን እንደማይጠቀም ታይቶ በ1988 ተመለሰች። በ1996 አትላንታ ኦሎምፒክ ከተመረመሩት 3,387 ሴቶች 8ቱ ላይ ምርመራው ዋይ ክሮሞዞም ጠቆመ፣ 8ቱም እንዲወዳደሩ ተፈቀደ። ከዛ ምርመራው ቀረ፣ በ2025 ደግሞ የአለም አትሌቲክስ የኤስአርዋይ ጂን ምርመራን በሴቶች ውድድር ላይ መልሶ አመጣው። የሴቶች ውድድር ለብቻ የተለየው በወንድ ጉርምስና የሚመጣው ጥቅም (ምርጥ ሯጮች ላይ 10 ፐርሰንት አካባቢ ነው) ትልቅ ስለሆነ ነው፣ እና እኔ እንደሚመስለኝ ስፖርት ይሄን ማስጠበቁ ልክ ነው፣ ግን ያኔ ህጉ ስለ ጉርምስናና ስለ ቴስቶስትሮን ነው መናገር ያለበት፣ "እውነተኛ ሴት" ማን ናት ብሎ ሰው አደባባይ ላይ ማዋረድ አልነበረበትም።

መታወቂያ ላይ ደግሞ ይሄን ተመልከቱ። ከኮሎራዶ ግዛት የሆነ፣ ባህር ሃይል ያገለገለ ኢንተርሴክስ ሰው ፓስፖርቱ ላይ ወንድ ወይም ሴት ብሎ መሙላት ውሸት ይሆንብኛል ብሎ በ2015 መንግስትን ከሰሰ፣ ከአመታት ክርክር በኋላ በኦክቶበር 2021 አሜሪካ የመጀመሪያውን ኤክስ ምልክት (ወንድም ሴትም ተብሎ ያልተሞላ ማለት ነው) ያለበት ፓስፖርት ለዚሁ ሰው ሰጠች። ከጃንዋሪ 2025ቱ ትእዛዝ በኋላ የውጭ ጉዳይ መስሪያ ቤቱ አዲስ ኤክስ ፓስፖርት መስጠት አቆመ። ኦንላይን ላይ ይሄ ዜና ሲወጣ ሁሉም ስለ ትራንስ ነበር ሚጨቃጨቀው፣ ክሱን የጀመረው ሰው በምን ምክንያት እንደጀመረው ያነሳ አላየሁም።