የጣና ታንኳ እና የመንግሥት ቁጥጥር

ታንኳ በጣና ሐይቅ ዙሪያ ደንገል ከሚባለው የውኃ ዳር ተክል የሚሠራ፣ በረጅም እንጨት እየተቀዘፈ የሚሄድ ጀልባ ነው። ደንገሉ ከሐይቁ ዳር ታጭዶ ፀሐይ ላይ ይደርቅና በነዶ በነዶ ይታሰራል፤ ምስማርም ሆነ ቀለም አይነካውም። ውኃ እየጠጣ ስለሚከብድ ከጉዞ መልስ ወደ ደረቅ ተስቦ እንዲደርቅ ይሰጣል፤ እንዲያም ሆኖ ዕድሜው በወራት የሚቆጠር ነው። ይህ አጭር ዕድሜ ስለ ቁጥጥር ለሚነሳው ጥያቄ ሁሉ መነሻ ነው፤ አንድ ታንኳ መዝገብ ላይ ሰፍሮ ሰሌዳ እስኪሰጠው ድረስ በሌላ ሊተካ ይችላል።

በታንኳ ሥራ ከሁሉም በላይ የሚታወቁት በሐይቁ ዙሪያ የሚኖሩት ወይጦዎች ናቸው። የጥንት ቋንቋቸው ጠፍቶ ዛሬ አማርኛ ቢናገሩም፣ የደንገሉ ጥበብ ከአባት ወደ ልጅ እየተላለፈ ቆይቷል። የኖርዌዩ ተጓዥ ቶር ሄየርዳል በ1969 እ.ኤ.አ. አትላንቲክን ለማቋረጥ የሞከረባት «ራ» የተባለችው ጀልባ የተሠራችበት ደንገል ከጣና የተወሰደ መሆኑም እዚህ ላይ ሊጠቀስ ይገባዋል፤ ሠሪዎቹ ግን ከቻድ የመጡ ነበሩ።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የባሕር ሕግ መርከብ የሚለው በባሕር ላይ የሚሄደውን በመሆኑ የሐይቅ ታንኳን አይመለከትም።

ታንኳን በተዘዋዋሪ የነካው ሕግ የመጣው በዓሣ በኩል ነው። እስከ 1970ዎቹ አጋማሽ ድረስ ዓሣ ይጠመድ የነበረው በታንኳ፣ ከዳር ብዙም ሳይራቅ ነበር። በ1978 ዓ.ም. ግድም በአንድ የልማት ፕሮጀክት አማካይነት ባለሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ሲገቡ፣ አጥማጁ የሐይቁን መካከል መድረስ፣ ዓሣው እንቁላል ለመጣል ወደ ወንዞች አፍ በሚሰበሰብበት ወቅትም በብዛት መያዝ ቻለ። ጣና ካልሆነ በስተቀር በሌላ ቦታ የማይገኙት የነጭ ዓሣ ዝርያዎች በጥቂት ዓመታት ውስጥ እጅግ ተመናመኑ። የፌዴራሉ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 የወጣውም ከዚህ በኋላ ነው፤ ክልሉም የራሱን አዋጅ አወጣ። ሐይቁን ያራቆተው ታንኳው እንዳልሆነ ግልጽ ቢሆንም፣ ስለ መረብና ስለ ማጥመጃ ወቅት የሚወጣ ደንብ ባለታንኳውንም ባለሞተሩንም እኩል ይመለከታል፤ ይህ ፍትሐዊ ነው አይደለም የሚለው በአንዳንዶች ዘንድ ያከራክራል።

የመጓጓዣው ጉዳይ የተለየ መንገድ ተከትሏል። በአዋጅ ቁጥር 549/1999 የማሪታይም ዘርፍ አስተዳደር ሲደራጅ ትኩረቱ በዋናነት መርከቦችና መርከበኞች ነበሩ፤ በአዋጅ ቁጥር 1263/2014 የአስፈጻሚ አካላት እንደገና ሲዋቀሩ መሥሪያ ቤቱ የማሪታይም ባለሥልጣን በሚል ስያሜ ቀጥሏል። በሐይቆች ላይ የዕለት ተዕለት ክትትሉ በአመዛኙ የክልሎች ሥራ ሲሆን፣ መንገደኛ የሚያጓጉዙ ባለሞተር ጀልባዎች ፈቃድ፣ የቴክኒክ ምርመራና የነፍስ አድን ጃኬት ይጠየቃሉ። ማገዶ ጭኖ ወደ ባሕር ዳር የሚቀዝፈው ባለታንኳ በተግባር ከዚህ ውጭ ነው። በ1995 ዓ.ም. የሐይቁ ውኃ ክፉኛ በወረደ ጊዜ ትላልቆቹ ጀልባዎች ለወራት ሥራ ሲያቆሙ፣ ወደብ የማያሻው ታንኳ ያለው ጥቅም ታይቷል።

ለንጽጽር ያህል፣ የአውሮፓ ኅብረት የመዝናኛ ጀልባዎች መመሪያ ቁጥር 2013/53 ሰው ለራሱ የሠራውን ጀልባ፣ በአምስት ዓመት ውስጥ ለገበያ እስካላቀረበው ድረስ፣ ከአሠራር መስፈርቶቹ ነፃ ያደርገዋል፤ ከ1950 እ.ኤ.አ. በፊት የተነደፉና በዋናነት በቀድሞው ቁሳቁስ የተሠሩ ታሪካዊ ጀልባዎችንም እንዲሁ። ለታንኳ እንዲህ ያለ ግልጽ አንቀጽ ቢኖር ዝም ተብሎ ከመታለፍ ይሻል ነበር።

አሁን ታንኳን ይበልጥ የሚፈትነው የደንገሉ መጥፋት ነው። የሐይቁ ዳርቻ ወደ እርሻ እየተለወጠ፣ ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ እምቦጭ እየተስፋፋ ደንገሉ የነበረበት ቦታ ጠቧል። ጣና በ2015 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት ከተመዘገበ ወዲህ የዳርቻውን ረግረግ መጠበቅ የአስተዳደሩ ዓላማ ሆኗል፤ የጥበቃው ወሰን በሚሰመርበት ጊዜ ደንገል አጫጁ ከየትኛው ወገን እንደሚቆም መለየት ያስፈልጋል።