ውርጭ ሲወርድ የሚከፈት በር፦ የእንግሊዝ ካውንስሎችና በረንዳ አዳሪዎች

በእንግሊዝ የብርድ ወራት፣ የአየር ትንበያው «ዛሬ ሌሊት ዜሮ ዲግሪ» ሲል በየካውንስሉ፣ ማለትም በየአካባቢው አስተዳደር፣ የቤቶች ክፍል አንድ አሠራር ይነቃል። ሠራተኞቹ በምህጻረ ቃሉ «ስዌፕ» ይሉታል። የከባድ አየር ጠባይ የአስቸኳይ ጊዜ አሠራር ማለት ነው። ሐሳቡ አጭር ነው። ብርዱ ሰው ሊገድል በሚችልበት ሌሊት ውጭ የሚያድር ሁሉ ጣሪያ ሥር ይግባ። ከየት መጣህ፣ እዚህ ሰፈር ስንት ዓመት ኖርክ፣ ወረቀትህ ምን ይላል የሚለው ጥያቄ ለነገ ይደር። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትና ወራት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ጥያቄው ለነገ መደሩ ቀላል ነገር አይደለም። በደህናው ቀን በሩን የሚዘጉት እነዚሁ ጥያቄዎች ናቸውና። ካውንስሎች ቤት ለሌለው ሰው ኃላፊነት እንዲወስዱ በሕግ የተገደዱት በ1977 ነው። የዛሬው መሠረት የ1996ቱ የቤቶች ሕግ ነው። ከኤፕሪል 2018 ጀምሮ የሚሠራው ተጨማሪ ሕግ ደግሞ መስፈርቱን ለሚያሟላ ቤት አልባ ሁሉ ካውንስሉ ለ56 ቀናት ማረፊያ በማፈላለግ እንዲያግዝ ያስገድዳል። ልብ በሉ፣ እንዲያፈላልግ ነው እንጂ ዛሬ ማታ አልጋ እንዲሰጥ አይደለም። አልጋው ቅድሚያ ለሚሰጣቸው ነው፦ ልጅ ላላቸው፣ ለነፍሰ ጡር፣ ከቤት ውስጥ ጥቃት ለሸሹ፣ በሕመም ወይም በሌላ ምክንያት ከሌላው ሰው ይልቅ ለጉዳት ለተጋለጡ። ጤነኛ የሚመስል የሠላሳ ዓመት ወጣት ብቻውን ከመጣ ብዙ ጊዜ ይዞት የሚወጣው ወረቀት ነው። ስልክ ቁጥር የተደረደረበት፣ በወጉ የታተመ ወረቀት። ስኮትላንድ ይህን የቅድሚያ መስፈርት በ2012 መጨረሻ አስቀርታዋለች። እንግሊዝ እንደያዘችው አለች።

ሁለተኛው አጥር የሰፈር ጉዳይ ነው። ካውንስሉ ሰውዬው ከአካባቢው ጋር ግንኙነት አለው ወይ ብሎ ይጠይቃል። እዚያ ኖሯል? ሠርቷል? ቤተሰብ አለው? ከሌለው ወደ ሌላ ካውንስል ይመራል፤ ያኛውም ያንኑ ጥያቄ ይጠይቃል። ሦስተኛው አጥር የመኖሪያ ፈቃድ ነው። ፓስፖርታቸው ወይም ፈቃዳቸው ላይ «የመንግሥት ድጎማ አይመለከተውም» የሚል ቅድመ ሁኔታ ያለባቸው ሰዎች ከመደበኛው የቤት እርዳታ ውጭ ናቸው። ስዌፕ ሲታወጅ ሦስቱም አጥሮች ለጊዜው ዝቅ ይላሉ። ቢያንስ መመሪያው የሚለው እንዲህ ነው።

«መመሪያው» ያልኩት በምክንያት ነው። ስዌፕ ሕግ አይደለም። አንድ ካውንስል ባይከፍት በቀጥታ የሚጠየቅበት አንቀጽ የለም። ሰብአዊ ግዴታ ነው ተብሎ የሚሠራ ነገር ነው። መመሪያውን የሚያወጣው ቤት አልባዎችን የሚረዱ ድርጅቶች የተሰባሰቡበት «ሆምለስ ሊንክ» ነው። ስለዚህ አፈጻጸሙ ከከተማ ከተማ ይለያያል። አንዱ ካውንስል የሆቴል ክፍል ይይዛል። ሌላው ቤት አልባዎች ለጊዜው በሚኖሩበት ሆስቴል ሳሎን ውስጥ ፍራሽ ያነጥፋል። ትንንሽ የገጠር ካውንስሎች አንዳንዴ ያላቸው ሁለት ሦስት አልጋ ብቻ ነው። ገጠሩ ላይ ሌላም ጣጣ አለ፦ የቤት ጉዳይ የወረዳው ካውንስል ሥራ ሲሆን፣ የማኅበራዊ እንክብካቤው ደግሞ በላዩ ያለው የካውንቲው ነው። በእግሩ ቁስል የሚሰቃይ አንድ በረንዳ አዳሪ የሁለት ቢሮ ጉዳይ ይሆናል ማለት ነው።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንምጣ፤ ብዙ ክርክር ያለው እሱ ላይ ነው። የቆየው ልማድ «ለተከታታይ ሦስት ሌሊት ዜሮ ወይም ከዚያ በታች ይሆናል ተብሎ ሲተነበይ» የሚል ነበር። እስቲ አስቡት። ሁለት ሌሊት ውርጭ ሆኖ ሦስተኛው አንድ ዲግሪ ከሆነ በሩ አይከፈትም። ሆምለስ ሊንክ ራሱ ይህ እንደማይነቃነቅ ደንብ እንዳይታይ ሲወተውት ቆይቷል። ነፋሱ፣ ዝናቡ፣ የበረዶው ክምር ሁሉ ይታይ ይላል። ለንደን ውስጥ በከንቲባው በሳዲቅ ካን ዘመን ደንቡ ላልቷል። በከተማዋ የትኛውም ጥግ ለአንድ ሌሊት እንኳ ዜሮ ከተተነበየ ከከንቲባው ጽሕፈት ቤት ማስታወቂያ ይወጣል። 32ቱ የለንደን ክፍለ ከተሞችና የራሱ አስተዳደር ያለው የመሃል ከተማው ክፍል ሲቲ ኦፍ ለንደን መጠለያ እንዲከፍቱ ይጠበቃል።

እኔን ከጠየቃችሁኝ ቴርሞሜትር መጥፎ ዳኛ ነው። የሰውነት ሙቀት ከ35 ዲግሪ በታች ሲወርድ አደጋው ይጀምራል፤ ለዚያ ደግሞ ውጭው የግድ ዜሮ መሆን የለበትም። በአራት ዲግሪ ዝናብ የበሰበሰ ብርድ ልብስ ለብሶ፣ ነፋስ በሚያፏጭበት ደጃፍ የተኛ ሰው ዜሮ ዲግሪ ላይ በደረቅ ልብስ ካደረው የባሰ ሊጎዳ ይችላል። መጠጥም አለ። አልኮል ቆዳ ሥር ያሉትን የደም ሥሮች ያሰፋል። ሰውዬው የሞቀው ይመስለዋል፤ ሙቀቱ ግን ከውስጥ እየወጣ ነው። ቁጥሩ ያለ ምክንያት አልመጣም፤ በጀት ያለው ቢሮ የሆነ ቦታ መስመር ማስመር አለበት። ግን መስመሩ ለበጀቱ የሚመች እንጂ ለሰውነት የተለካ አይደለም።

ሌሊቱ በተግባር ይህን ይመስላል። በቀኑ የአየር ትንበያው ይታያል፤ ስዌፕ ይታወጅ ከተባለ ለሆስቴሎች፣ ለፖሊስ፣ ለሆስፒታሎችና ለቤተ ክርስቲያን መጠለያዎች መልእክት ይላካል። ማታ ላይ በእንግሊዝኛ «አውትሪች» የሚባሉት የጎዳና ሠራተኞች ይወጣሉ። የሚያውቋቸውን ቦታዎች አንድ በአንድ ያዳርሳሉ፦ ድልድይ ሥር፣ የመኪና ማቆሚያ ሕንፃ፣ የሱቅ ደጃፍ፣ መናፈሻ ውስጥ ያለ ድንኳን። የሚያገኙትን ሰው በስሙ ጠርተው ያነጋግሩታል። እሺ ካለ መኪና ይጠራል ወይም አብረው ይሄዳሉ። እዚያ ትኩስ ምግብ፣ ሻወርና መኝታ አለ። ከኮቪድ በፊት ሃያ ሠላሳ ሰው አንድ አዳራሽ ውስጥ ማደሩ የተለመደ ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙዎቹ መጠለያዎች ወደ ነጠላ ክፍል ለመሄድ ሞክረዋል።

እምቢ የሚልም ብዙ ነው፤ ምክንያቱንም ሳይሰሙ መፍረድ አይገባም። ውሻ ያለው ሰው ውሻው ካልገባ አይገባም። ጥንዶች ለየብቻ ካደሩ አይመጡም። እቃው ይሰረቅብኛል ብሎ የሚፈራ አለ። ከሱስ ለመውጣት እየታገለ ያለ ሰው ሲጠጣ ከሚያድር ጋር መተኛት አይፈልግም። ሴቶች ደግሞ ወንዶች የሞሉበት አዳራሽ ያስፈራቸዋል። እንዲያውም ሴቶቹ ከመጀመሪያውም አይታዩም። ተኝተው ከመገኘት ይልቅ ሌሊቱን ሙሉ ይራመዳሉ፣ በሌሊት አውቶቡስ ወዲያ ወዲህ ይላሉ፣ ኤርፖርት ተሳፋሪ መስለው ይቀመጣሉ። የተኛ ሰው የሚፈልግ ቆጠራ እነሱን አያገኛቸውም። ደኅና የሚሠሩ ካውንስሎች ለውሻ ቦታ ያዘጋጃሉ፣ ለሴቶች የተለየ ቤት ይይዛሉ፣ ቀድሞ ከሆስቴል የተባረረውንም ሰው ለዚያ ሌሊት ይቀበላሉ።

ከእምቢታው ጀርባ የወረቀት ፍርሃትም አለ፤ መሠረት የሌለው ፍርሃት አይደለም። የመኖሪያ ፈቃድን ጉዳይ የሚይዘው መሥሪያ ቤት፣ ሆም ኦፊስ፣ ከአውሮፓ ኅብረት አገሮች የመጡ በረንዳ አዳሪዎችን ከአገር ያስወጣበት የነበረውን መመሪያ ፍርድ ቤት ሕገ ወጥ ያለው በዲሴምበር 2017 ነው። እንዲህ ያለው ወሬ ጎዳና ላይ ቶሎ አይረሳም። ስሙን ለማንም መስጠት የማይፈልገው ሰው የሚያስበው ይህን ነው።

ነገሩ የሐበሻውንም ደጅ ያንኳኳል። ጥገኝነት ጠይቆ በሆም ኦፊስ ሆቴል የቆየ ሰው «ተፈቀደልህ» ሲባል ደስታው ብዙ አይቆይም፤ ማረፊያውን መልቀቂያ ቀን ይቆረጥለታል። የቆየው ደንብ 28 ቀን ነው። በዲሴምበር 2024 ለሙከራ ወደ 56 ቀን ከፍ ተደርጎ ነበር፤ ከሴፕቴምበር 2025 ጀምሮ ላጤዎች ወደ 28ቱ ተመልሰዋል። በ28 ቀን ውስጥ የባንክ ሒሳብ ከፍቶ፣ ለመንግሥት ድጎማ (ቤኔፊት) አመልክቶ፣ ተያዥና ቅድሚያ ክፍያ የሚጠይቅ አከራይ አግኝቶ መግባት ለአገሩ ተወላጅም ይከብዳል። ከአፍሪካ ቀንድ የመጡ ወጣቶች ፈቃዳቸውን በኪሳቸው ይዘው ጎዳና ላይ የሚያድሩት በዚህ መንገድ ነው። ብዙዎቹን የሚያነሳቸው በመጀመሪያ ጓደኛ ነው። ሶፋ ላይ ሁለት ሳምንት፣ ሌላ ሶፋ ላይ አንድ ሳምንት፣ ከዚያ ይሉኝታው ያሸንፋል።

ስንት ሰው ነው የምናወራው? በእንግሊዝ በየዓመቱ ከኦክቶበር እስከ ኖቬምበር ባለው ጊዜ በአንድ የተመረጠ ሌሊት ቆጠራ ወይም ግምት ይካሄዳል። በ2010 ቁጥሩ 1,768 ነበር። በ2017 ወደ 4,751 አሻቀበ። በ2021 ወደ 2,440 ወርዶ በ2024 ተመልሶ 4,667 ደረሰ። ይህ የአንድ ሌሊት ብቻ ነው። ለንደን ውስጥ በዓመቱ ውስጥ አንዴም ቢሆን ውጭ ሲያድሩ የታዩት በ2024/25 13,231 ናቸው።

በ2021 ቁጥሩ የወረደው በተአምር አይደለም። በማርች 2020 መጨረሻ፣ ኮቪድ ሲገባ መንግሥት ለካውንስሎች ደብዳቤ ጻፈ፤ ውጭ ያሉትን ሁሉ በቀናት ውስጥ አስገቡ የሚል። ሆቴሎች ባዶ ነበሩ፣ ገንዘቡም ተገኘ። ዘመቻው «ሁሉም ይግባ» ተባለ። እስከ ጃንዋሪ 2021 ድረስ 37,000 ያህል ሰዎች ተረድተዋል። ለዓመታት «በጣም የተወሳሰበ ነው» ሲባል የኖረ ጉዳይ በጥቂት ቀናት ውስጥ አልጋ ሆነ። በዚያው አገር፣ በዚያው ጊዜ፣ ውጭ ማደርንና ልመናን ወንጀል የሚያደርገው የ1824ቱ ሕግ አልተሻረም ነበር። ፓርላማው በ2022 ይሻር ብሎ ወሰነ፤ ውሳኔው ሥራ ላይ ሳይውል ግን ዓመታት አለፉ።

ከባድ አየር ሲባል ብርድ ብቻ አይደለም። በፌብሩዋሪ 2022 ዩኒስ የተባለው ማዕበል ሲመጣ ለንደን ጭምር ቀይ ማስጠንቀቂያ ወጥቶባት ነበር፤ በእንዲህ ያለ ቀን ድንኳን ውስጥ መሆን ምን ማለት እንደሆነ መገመት ነው። በዚያው ዓመት ጁላይ 19 ደግሞ ሊንከንሻየር ውስጥ ኮኒንግስቢ 40.3 ዲግሪ ተመዘገበ። የአገሪቱ ታሪክ ያላየው ሙቀት ነው። ካውንስሎች በሙቀት ጊዜ ውኃ፣ ኮፍያና የፀሐይ ቅባት ያድላሉ፤ ቀዝቀዝ ያሉ አዳራሾችን ይጠቁማሉ። የበጋው ሥራ ከብርዱ ጋር ሲተያይ ገና ለጋ ነው።

ብርዱ ሲመለስ ዋናው ጥያቄ ሌሊቱ ላይ አይደለም፤ ጠዋት ላይ ነው። ትንበያው ሁለት ዲግሪ ሲል ስዌፕ ይዘጋል። «ከገቡ ወዲያ አይውጡ» የሚባል መርህ አለ፤ የገባ ሰው ቀጣይ ማረፊያ ወይም እቅድ ሳይዝ ወደ ጎዳና አይመለስ የሚል። ይህን የሚያከብር ካውንስል ሌሊቱን ለሌላ ሥራ ይጠቀምበታል። ለዓመታት እምቢ ሲል የኖረ ሰው በውርጭ ምክንያት አንዴ ከገባ፣ ጠዋት ቁርስ ላይ ጉዳዩን የምትከታተል ሠራተኛ (ኬዝወርከር) አጠገቡ ትቀመጣለች። መታወቂያ ማውጣት፣ ሐኪም ማግኘት፣ የሆስቴል ተራ መያዝ እዚያ ይጀመራል። መርሁን የማያከብረው ካውንስል ግን ሰውዬውን ሻንጣውን አሸክሞ ያወጣዋል፤ ውርጩ ሐሙስ ሲመለስም እንደገና ይፈልገዋል።

እንግሊዝ ወይም ዌልስ ሆናችሁ ውጭ የሚያድር ሰው ካያችሁ በ2012 የተጀመረው «ስትሪትሊንክ» የሚባል ድረ ገጽ አለ። የምትጽፉት ጥቆማ ለአካባቢው የጎዳና ሠራተኞች ይደርሳል። ትክክለኛውን ቦታ፣ ያያችሁበትን ሰዓት፣ ሰውዬው የለበሰውን ጻፉ። «ጣቢያው አካባቢ» ማለት አይጠቅምም፤ «ከጣቢያው በስተግራ፣ ከፋርማሲው ደጃፍ» ማለት ይጠቅማል። ሠራተኞቹ የሚሄዱት በሌሊት ስለሆነ ቀን ተቀምጦ የሚለምንበትን ሳይሆን የሚተኛበትን ቦታ ነው የሚፈልጉት። ጥቆማው አልጋ ያስገኛል ተብሎ ዋስትና አይሰጥበትም። ሰውዬው ስትጠሩት ካልነቃ፣ ቃሉ ከተንተባተበ ወይም በብርድ መንቀጥቀጡን ጭራሽ ካቆመ ግን ድረ ገጹን ተዉትና 999 ደውሉ። ልጅ እግር፣ ከ18 ዓመት በታች ከመሰላችሁም ለፖሊስ ነው።