28 ሞርዳድ ምንድን ነው?

ኢራኖችም እንደ እኛ የራሳቸው የዘመን አቆጣጠር አላቸው። 28 ሞርዳድ 1332 የሚሏት ቀን በፈረንጆቹ ኦገስት 19፣ 1953 ናት። በእኛ 1945 ዓ.ም.፣ የቡሄ ዕለት መሆኑ ነው። ኢራን ውስጥ ስለ አሜሪካ ክፉ ወሬ ከተነሳ ይቺ ቀን አትቀርም። አሜሪካና እንግሊዝ ያቀነባበሩት መፈንቅለ መንግሥት የተሳካባት ቀን ናት።

ጠቡ የነዳጅ ነው። ነዳጁም፣ ግዙፉ የአባዳን ማጣሪያም በእንግሊዞች ኩባንያ እጅ ነበር። በፈረንጆቹ 1951 የኢራን ፓርላማ ነዳጁ የሕዝብ ነው ብሎ ወረሰው። የሐሳቡ መሪ ሞሐመድ ሞሳዴቅ ብዙም ሳይቆዩ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። አልጋቸው ላይ ጋደም ብለው፣ ፒጃማ እንደለበሱ እንግዳ የሚቀበሉ ሽማግሌ ነበሩ። እንግሊዝ የኢራንን ነዳጅ ገበያ ዘጋችበት። አልበቃ ሲላት አሜሪካን አግባባች።

የአሜሪካው የስለላ ድርጅት ሲአይኤ ሥራውን "አጃክስ" አለው። ቴህራን ላይ የመራው ከርሚት ሩዝቬልት የፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት የልጅ ልጅ ነው። የመጀመሪያው ሙከራ ግን ጉድ ሆነ። አንድ ኮሎኔል የንጉሡን፣ የሻሁን፣ የሹም ሽር ደብዳቤ ይዞ በእኩለ ሌሊት ሞሳዴቅ ቤት ሄደ። ወሬው ቀድሞት ኖሮ እዚያው ታሰረ። ሻሁ ወደ ባግዳድ፣ ከዚያም ወደ ሮም ሸሹ። ዋሽንግተንም በቃ ተዉት ወደ ማለቱ ነበረች።

ከቀናት በኋላ ቴህራን በሰልፈኛ ተጥለቀለቀች። የተከፈላቸው ጉልበተኞች ነበሩበት። ሁሉም በገንዘብ የወጣ ነው ማለት ግን አይቻልም፤ ሞሳዴቅን የጠሉ መኮንኖችና የሃይማኖት መሪዎችም ጥቂት አልነበሩም። ታንክ የሞሳዴቅን ቤት ደበደበ፣ ሻሁ ተመለሱ። በዓመቱ በተፈረመው የነዳጅ ውል የአሜሪካ ኩባንያዎች 40 በመቶ ድርሻ አገኙ።

ብዙ አሜሪካዊ ቂሙን የሚቆጥረው ከ1979 ነው። ያኔ የኢራን ተማሪዎች ቴህራን የነበረውን የአሜሪካ ኤምባሲ ወረው 52 ሰዎችን ለ444 ቀናት አገቱ። ተማሪዎቹን ያስቆጣው በአብዮት የተባረሩት ሻህ ለሕክምና ኒውዮርክ መግባታቸው ነበር። "28 ሞርዳድ ሊደገም ነው" ብለው ፈሩ። ሲአይኤ እጁ እንዳለበት በራሱ ሰነድ በግልጽ ያመነው በ2013 ነው።

ሞሳዴቅ ሦስት ዓመት ታስረው፣ ከዚያ አሕመዳባድ በሚባል መንደር የቁም እስረኛ ሆነው በ1967 ሞቱ። በአደባባይ መቀበር አልተፈቀደላቸውም። የተቀበሩት እዚያው ቤታቸው፣ የመመገቢያ ክፍሉ ወለል ሥር ነው።